ኦቨርሎካችሁ ሲያስቸግር መጀመሪያ መርፌውን ጠርጥሩ

እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ የማሽን ጠጋኝ አይደለሁም። ያም ሆኖ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ በጋቢ ተጠቅልሎ በባጃጅ የሚመጣ የቤት ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝም ማሽን፣ አጥቶ አያውቅም። «ተበላሸ»፣ «ክር ይበጥሳል»፣ «ስፌት ይዘላል»፣ «ጨርቁን ያኝከዋል» ይሉኛል። ከፍቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። መርፌው ዶልዱሟል፣ ወይም ከመጀመሪያውም የዚያ ማሽን መርፌ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ብናኝ ተጠቅጥቋል፤ ወይም ክሩ ማለፍ ባለበት መንገድ አላለፈም። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ብልሽት አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለጠጋኝ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በተለይ ደግሞ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው፣ ሁለት መርፌና ሁለት ሉፐር (ከመርፌው ክር ጋር የራሱን ክር የሚያጠላልፍ ቆልማማ ብረት) ስላለው፣ በሦስት ወይም በአራት ክር ስለሚሰፋው ነው። ትልልቆቹ ልብስ ሰፊዎች ያላቸው የፋብሪካ ኦቨርሎክ ሌላ ፍጥረት ነው። የራሱ የዘይት ገንዳ አለው፣ እየሠራ ራሱን ያጠጣል፣ በደቂቃ ከ5000 ስፌት በላይ ይሄዳል። የቤቱ 1300 ወይም 1500 አካባቢ ነው፤ ዘይት የሚያስፈልገው ከሆነም የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ባህር ዳር ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች ሴት በለመደችው እግሯ የቤቱን ፔዳል ስትረግጠው አይቻለሁ፤ ማሽኑ ያቃስታል። የቤቱን እረፍት እየሰጣችሁ ስፉበት።

መርፌ ስትገዙ

መርፌ ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል፤ ዘንጉ፣ ቁጥሩ፣ ጫፉ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ሰው ግን ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ዘንግ የምለው ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን የመርፌውን ወፍራም ክፍል ነው። የአብዛኛው የቤት ስፌት መኪና መርፌ ዘንግ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ፓኬቱ ላይ «130/705 ኤች» ወይም «ኤችኤ ኤክስ 1» ይላል፤ ሁለቱም አንድ መርፌ ናቸው። የድሮው ጥቁር ሲንጀርም፣ በእግር የሚረገጠው ቢራቢሮም የሚሰፋው በዚሁ ነው። ብዙ የቤት ኦቨርሎኮችም ይህንኑ ይቀበላሉ። አንዳንዶቹ «ኤችኤ ኤክስ 1 ኤስፒ» ይፈልጋሉ፤ እሱ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ስፌት እንዳይዘል ተብሎ የተሠራ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ኢኤል ኤክስ 705» ይላሉ፤ ይህኛው ከፊትም ከኋላም ክር የሚተኛበት ቦይ አለው፣ የሚመጣውም በ80 እና በ90 ቁጥር ነው። የእናንተ የትኛውን እንደሚፈልግ በመመሪያው ደብተር ላይ ተጽፏል። ደብተሩ ከጠፋ የፊቱን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ አንዳንዱ ማሽን እዚያ ላይ ጽፎታል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ገበያ ገብታችሁ «የኦቨርሎክ መርፌ ስጠኝ» ብትሉት ባለሱቁ የሚያወጣላችሁ የትልቁን ኦቨርሎክ መርፌ ነው። አልዋሸም፣ የጠየቃችሁትን ነው የሰጣችሁ። ፓኬቱ ላይ «ዲሲ ኤክስ 27» ወይም «ዲሲ ኤክስ 1» ይላል፤ ዘንጉ ዙሪያውን ክብ ነው። ሌላው በየሱቁ የሞላው «ዲቢ ኤክስ 1» የፋብሪካው ቀጥ ስፌት መርፌ ሲሆን ዘንጉ ክብም ቀጭንም ነው፤ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። የቤቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭኑን የቤቱ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ብሎኑን ብታጠብቁት ይያዛል፤ ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ወይ ስፌት ይዘላል፣ ወይ ሉፐሩን እየፋቀ ቆይቶ ይሰበራል። አንዳንድ አሮጌ የቤት ኦቨርሎክ ክብ ዘንግ የሚቀበል አለ፤ ስለዚህ ክብ ሁሉ ስህተት ነው አልልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለውን መርፌ ነቅላችሁ በክብሪት ቀፎ ይዛችሁ ሂዱ፤ «እንዲህ ያለ» ብላችሁ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት። ርዝመቱም፣ ጠፍጣፋ ጎኑም፣ የቀዳዳው ቦታም መመሳሰል አለበት። ማሽኑን ሁለተኛ እጅ ገዝታችሁት ከሆነ ግን የድሮ ባለቤቱ የተወው መርፌ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ደብተሩን ወይም ክዳኑን እመኑ።

ቁጥሩ ሁለት ሆኖ ይጻፋል፦ 75/11፣ 80/12፣ 90/14። የመጀመሪያው የመርፌው ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ያው ውፍረት በሌላ አቆጣጠር ነው። ሁለት የተለያየ መርፌ መስሏት «14 የለም፣ 90 ብቻ ነው ያለው» ብላ ባዶ እጇን የተመለሰች አለች።

እኔ ጨርቁን አይቼ እንዲህ እመርጣለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ አቡጀዲ፣ መካከለኛ ፖሊስተር ከሆነ 80/12። የእኛ አገር ሰው የሚወደው ካኪ፣ የቁምጣውም የኮቱም፣ እንዲሁም ጂንስ ከሆነ 90/14። ሽፎንና ሳቲን ከሆነ 75/11፣ ማሽኑ ከፈቀደ 70/10። ከ90 በላይ ግን የቤት ኦቨርሎክ ላይ አትውጡ። 100/16 ጠንካራ ስለሚመስል ለካኪ ብለው የሚያስገቡት አሉ፤ ሉፐሩ ከመርፌው ጎን የሚያልፈው በፀጉር ልክ ክፍተት ስለሆነ ወፍራሙ መርፌ ይጋጭበታል። ካኪው አራት ድርብ ሆኖ ከመጣባችሁ መርፌ ከማወፈር ይልቅ ፔዳሉን ለቃችሁ መዘውሩን በእጅ እያዞራችሁ አሳልፉት። ጋቢ ይዘውልኝ የሚመጡትን ደግሞ በእጃቸው እንዲዘመዝሙት ነው የምመክራቸው፤ ለዚህ ማሽን አይመጥንም።

ጫፉ ሁለት ዓይነት መሆኑን ካወቃችሁ ለቤት ይበቃችኋል። መደበኛው ሹል ነው፤ ድርና ማግ ላለው ጨርቅ ሁሉ ይሆናል። ለቲሸርት፣ ለቱታ፣ ለሹራብ የሚሆነው ጫፉ በትንሹ ዶለል ያለ ነው፤ ክሩን ወግቶ ከመበጠስ ይልቅ ገለል አድርጎ በመሀል ይገባል። ቱታ ሰፍታችሁ ከታጠበ በኋላ በስፌቱ መስመር ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ በሹል መርፌ ነው የሰፋችሁት። ላይክራ ያለበት፣ በጣም የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ስፌት ከዘለለ ለተለጣጭ ጨርቅ የተባለውን ግዙ። ሽሜትዝ የሚባለው የጀርመን መርፌ ዘንጉ ላይ ቀለም አለው፤ ለተለጣጭ ጨርቅ የሆነው ቢጫ፣ ለጀርሲ የሆነው ብርቱካናማ፣ ለጂንስ የሆነው ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ቀለም ቁጥሩን ነው የሚናገረው፤ 80 ብርቱካናማ፣ 90 ሰማያዊ። ሁለቱ ቀለማት ተመሳስለው ሊመጡ ስለሚችሉ የላዩን ከታቹ ለዩ። መደበኛው መርፌ የላይኛው ቀለም የለውም።

ለሸማ ሹሉ 80/12 ይሻላል። ሸማ በኦቨርሎክ ሲሰፋ ዋናው ችግር መርፌው ሳይሆን ጨርቁ ራሱ ነው፤ የእጅ ፈትል ስለሆነ ክሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ተቆርጦ ከተነካካ ደግሞ ወዲያው ይተረተራል። እኔ የሐበሻ ቀሚስ ከቆረጥኩ በኋላ ኦቨርሎክ ከማድረጌ በፊት ከጠርዙ ገባ ብዬ በቀጥ ስፌት አንድ መስመር አልፍበታለሁ። ጥለቱ ያለበትን ጫፍ ደግሞ ቢላው እንዳይበላው ቢላውን አጥፌ ነው የማሳልፈው።

አገባቡና አለዋወጡ

ሶኬቱን ንቀሉ። መዘውሩን አዙራችሁ መርፌዎቹን ወደ ላይ አውጡ፣ ከሥር ብጣሽ ጨርቅ አንጥፉ፤ መርፌ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ከወደቀ ማውጣቱ ግማሽ ቀን ይበላል። ብሎኑን ላላ አድርጉት፣ ሙሉ በሙሉ አትፍቱት። አዲሱን መርፌ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ኋላ አድርጋችሁ በወረንጦ እስከ ጥግ ግፉትና አጥብቁ። ሁለቱም ከገቡ በኋላ የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ በአብዛኛው የቤት ኦቨርሎክ ላይ እንዲያ ነው የተሠራው። እኩል ላድርጋቸው ብላችሁ የግራውን ወደ ታች አትጎትቱ። በሦስት ክር ለመስፋት አንዱን መርፌ ካወጣችሁት ደግሞ የባዶውን ቦታ ብሎን መልሳችሁ አጥብቁ፤ በንዝረቱ ወልቆ ይጠፋል።

መርፌ መቼ ይለወጣል ለሚለው፣ የተለመደው ምክር የስምንት ሰዓት ያህል ስፌት ከሠራ ነው። እኔ ሰዓት አልቆጥርም፤ ድምፁን እሰማለሁ። ደህና መርፌ ጨርቅ ሲወጋ ድምፁ ብዙም አይሰማም፤ የዶለዶመው «ጠ ጠ ጠ» ይላል። ከተጠራጠራችሁ ጫፉን አሮጌ ስቶኪንግ ላይ ጎተት አድርጉት፤ ክር ከሳበ ጣሉት። መጣመሙን ለማወቅ ጠፍጣፋ ጎኑን መስታወት ላይ አስተኙት፤ በመርፌውና በመስታወቱ መካከል ያለው ክፍተት እስከ ጫፉ እኩል መሆን አለበት። እስፒል የነካ መርፌ ደህና ቢመስልም ለውጡት። ሁለቱንም አንድ ላይ ለውጡ፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ ቁጠባ አይደለም። መርፌ ከዚህ ማሽን ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው፣ በእሱ የሚሳሳ ሰው ግን ብዙ አይቻለሁ።

ብናኝ፣ ዘይት፣ ቢላ

ኦቨርሎክ ጨርቅ እየቆረጠ ስለሚሰፋ ከስፌት መኪና ይልቅ ብዙ ብናኝ ያመርታል። የሸማና የሹራብ ደግሞ ልዩ ነው፤ አንድ ቀሚስ ሰፍታችሁ ክዳኑን ብትከፍቱ ጥጥ የተነደፈበት ቤት ትመስላለች። ብናኙ ሉፐሩ ሥርና ጨርቁን ከሥር በሚገፉት ጥርሶች መካከል ይጠቀጠቃል፣ ዘይቱን ይጠጣል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ሥራ ማብቂያ ሁሉ ጥረጉት። ሶኬቱን ንቀሉ፣ መርፌዎቹንና ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን እግር አውጡ፣ ክዳኖቹን ክፈቱ፣ በብሩሽ ወደ ውጭ እየጠረጋችሁ አውጡ። ብሩሹ ያልደረሰበትን በወረንጦ ልቀሙ። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ትንፋሻችሁ እርጥበት አለው፣ ብናኙንም ወደ ባሰ ጓዳ ነው የሚነዳው። ጎሚስታ ቤት ወስደው በነፋስ መንፊያው ያስነፉትም አሉ፤ እሱም ያው ነው፣ ከፊት ያለውን ወደ ሞተሩ ይልከዋል።

ክር ማጥበቂያዎቹ መካከልም ብናኝ ይገባል። እግሩን አንሱ፣ ክር ማጥበቂያውን ወደ ዜሮ አድርጉ፣ አልኮል የነካ ቀጭን ጨርቅ አጥፋችሁ መካከሉን ወዲያ ወዲህ ሳቡ። ክሩ ያለምክንያት አንዴ የሚጠብቅ፣ አንዴ የሚላላ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው መልሱ።

የሕዳር ማርያምን የመሰለ በዓል ሲሆን ስለማልሰፋ «እንግዲያው ልጥረገው» ብዬ ብሩሽ አነሳ ነበር። እናቴ «መኪና መጥረግስ ሥራ አይደለም?» አለችኝ። አሁን በዋዜማው እጠርጋለሁ።

ዘይት ከመስጠታችሁ በፊት ደብተሩን እዩ፤ አንዳንዱ ማሽን ጨርሶ ዘይት አይፈልግም፣ ሌላው ሁለት ሦስት ቦታ አንዳንድ ጠብታ ብቻ ነው። የሚሆነው ውሃ የመሰለ ነጭ የስፌት መኪና ዘይት ነው። የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት ይደርቅና ይጣበቃል፤ የባጃጅ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ልብሱንም ያጠቁራል። ነጭ ጋዝ የደረቀ ዘይት ያጥባል፣ ነገር ግን ማለስለሻ አይደለም፤ በእሱ ታጥቦ ዘይት ያልተሰጠው ብረት በደረቁ ይፋጫል። ዘይት ከሰጣችሁ በኋላ ዩኒፎርሙን አታስገቡ፤ የተረፈው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ብጣሽ ላይ ስፉ።

ቢላው ሁለት ነው፤ የላይኛው ይንቀሳቀሳል፣ የታችኛው ቆሞ ይጠብቃል። በአብዛኛው ማሽን ቶሎ የሚደክመው የታችኛው ነው። ጠርዙ መቆረጡን ትቶ መቦጨቅ ከጀመረ መጀመሪያ ብናኝ መካከላቸው አለመግባቱን እዩ፣ ከዚያ ለውጡት። ስትመልሱት ስለቱ መርፌው ከሚወርድበት የብረት ሳህን ጋር እኩል ይሁን። እስፒል ቢላው ጋ ከደረሰ ቢላውም እስፒሉም ያበቃላቸዋል፤ እኔ እስፒል የምሰካው ከጠርዙ ርቄ፣ ወደ ስፌቱ አቅጣጫ አስተኝቼ ነው።

ክርና ልክ

ክር መሰካት ቅደም ተከተል አለው፤ የላይኛው ሉፐር፣ የታችኛው ሉፐር፣ ከዚያ መርፌዎቹ። ሲሰኩ እግሩ ይነሳ፤ አለዚያ ክሩ ማጥበቂያው መካከል አይገባም። የታችኛው ሉፐር ክር መሀል ላይ ከተበጠሰ የመርፌዎቹን ክር አውጥታችሁ ሉፐሩን ስኩና መርፌዎቹን በመጨረሻ መልሱ። ይህን የሚዘል ሰው ክሩን ደጋግሞ ይሰካል፣ ደጋግሞ ይበጠስበታል፤ የመርፌው ክር ሉፐሩ ላይ ተጠምጥሞ ስለሚቀር ነው። ቀለም ለመለወጥ ብቻ ከሆነ አሮጌውን ከጥቅሉ አጠገብ ቆርጣችሁ አዲሱን ቋጥሩበት፣ ማጥበቂያውን ዜሮ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡት። ቋጠሮው መርፌው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ቁረጡና በእጅ አሳልፉ።

ማጥበቂያውን ለማስተካከል አራት የተለያየ ቀለም ክር ሰክታችሁ የምትሰፉትን ጨርቅ ብጣሽ ላይ ሞክሩ። አብዛኛው ማሽን ላይ ሁሉንም 4 ላይ አድርጎ መጀመር ይቻላል። የሁለቱ ሉፐር ክሮች መገናኘት ያለባቸው ልክ ጠርዙ ላይ ነው። የላይኛው ወደ ጀርባ ከዞረ እሱ ላልቷል ወይም የታችኛው ከርሯል። የመርፌው ክር ከጀርባ ቀለበት ሠርቶ ከታየ የመርፌው ላልቷል። አንዱን ብቻ በግማሽ ቁጥር ነክታችሁ ስፉ፣ እዩ፣ ከዚያ ሌላውን። አራቱንም በአንዴ የነካ ሰው የት እንደነበረ አያውቀውም። የቲሸርት ጠርዝ እየተለጠጠ ከተወላገደ ጥፋቱ የማጥበቂያው አይደለም፤ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያበላልጠውን ቁልፍ ከ1 ወደ 1.5 ወይም እስከ 2 ውሰዱት። ሽፎን ከተጨማደደ ደግሞ ወደ 0.7 አውርዱት።

ከውጭ ለመጣላችሁ

ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ከሆነ ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። «120 ቮልት» ካለ የእኛ 220 በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አይበቃም፤ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ አቅሙም ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ዋት እጥፍ ቢሆን ይሻላል። መብራት ሲሄድ ሁላችሁም ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ በምን ጉልበት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ክረምት ላይ የእኛ ብርድና እርጥበት መርፌና ሉፐር ያዝጋል። ከሰኔ ጀምሮ ከግድግዳው አራቁት፣ በጨርቅ ሸፍኑት፤ በላስቲክ አትሸፍኑት፣ ላብ ያጠራቅማል። የነሐሴና የመስከረም የዩኒፎርም ሥራ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ አንድ ፓኬት 80/12 እና አንድ ፓኬት 90/14 ግዙ፤ ያን ጊዜ ከሱቅ ያልቃል።

መርፌ ለውጣችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ክሩን ከመጀመሪያ ሰክታችሁ አሁንም አንድ ቦታ እየጠበቀ ስፌት ከዘለለ፣ ወይም ብረት ብረትን ሲነካ ከተሰማችሁ፣ የሉፐሩና የመርፌው መገናኛ ጊዜ ተዛብቷል። እሱን አትንኩት፤ የጠጋኝ ሥራ ነው። ስትወስዱለት በአራት ቀለም የሰፋችሁትን ብጣሽና የመርፌውን ፓኬት አብራችሁ ውሰዱ፤ «ይበላሻል» ብላችሁ ብቻ ከሰጣችሁት እሱም እንደእኔ ከብሩሽ ነው የሚጀምረው፣ ሒሳቡን ግን ይቀበላችኋል።